የደብተሩ የመጨረሻ መስመር

ሁለቱ ፖሊሶች ቢቸና ቤቴ በር ላይ ሲቆሙ አልደነገጥኩም ነበር። የግብሩ ነገር ከተነሳ ወዲህ ፖሊስ ያልቆመበት በር የለም። የደነገጥኩት አንደኛው፣ "ልጅሽ ካልተገኘ አንቺ ትመጫለሽ" ብሎ ገመድ ሲያወጣ ነው። ልጄ ለገበሬዎች የአቤቱታ ወረቀት ጽፏል ተብሎ ይፈለጋል። ከሄደ አራተኛ ቀኑ ነው፤ የት እንደሚሄድ አልነገረኝም። ነጠላዬን ላምጣ ብዬ ገባሁና መደብ ላይ የተወውን የእንግሊዝኛ ደብተር መቀነቴ ውስጥ ሸጎጥኩት። ለምን እንዳነሳሁት እንጃ። የልጄ እጅ የነካው ሌላ ነገር ዓይኔ አላየም።

ያሰሩኝ የፖሊስ ጣቢያ ክፍል የጭቃ ግድግዳ፣ የአፈር ወለል ነው። የሽንትና የእርጥብ ጭድ ሽታ ገና ከበሩ ይቀበላል። ውስጥ አንዲት ወጣት ሴት ነበረች፤ ከአሰላ ተመድባ የመጣች፣ ልጄን እንግሊዝኛ የምታስተምር። እሷም ተማሪ አሳድመሻል ተብላ ነው። እኔ መቀመጥ አልቻልኩም። ከግድግዳ ግድግዳ አራት እርምጃ ነው፤ ስመላለስ ዋልኩ።

"እትዬ፣ ወለሉ አለቀ እኮ" አለችኝ።

በማግስቱ ደብተሩን አውጥቼ፣ "አንብቢልኝ ልጄ፣ ድምፁን ልስማው" አልኳት።

ገለጥ አድርጋ ፈገግ አለች። "ቴክ የምትባለዋን የእንግሊዝኛ ቃል ነው። እኔው ነኝ በየትርጉሟ ዓረፍተ ነገር ሥሩ ያልኳቸው። መድኃኒት መዋጥ ቴክ፣ ፎቶ ማንሳት ቴክ፣ ፈተና መፈተን ቴክ፣ አውቶቡስ መሳፈርም ቴክ። የትናንት ሲሆን መልኳን ትቀይርና ቱክ ትሆናለች።"

"ለሁሉ አንድ ቃል? ምነው፣ ቃል ቸገራቸው እንዴ?"

ሳቀች። መጨረሻው መስመር ላይ ስትደርስ ግን ሳቋ ቆመ። ድምጿን ዝቅ አድርጋ በአማርኛ ነገረችኝ፤ "ቅዳሜ የሞጣን መንገድ እይዛለሁ፤ ቄሱ አጎቴ ቤት እቀመጣለሁ።"

ልጄ ያለበትን አወቅሁ። ወዲያው ማወቄን ጠላሁት።

ሽማግሌው ዘበኛ ምሳ ሲያቀብለን፣ "ነገ ጧት ሴት ፈታሽ ትመጣለች" አለ። "የመምህሯን ወረቀት የሚያነብ እንግሊዝኛ አዋቂም ተጠርቷል።"

"ገጹን እንቅደደው" አለች መምህሯ።

አባቴ ብራና ጻፊ ነበሩ። ሴት ብዕር አትይዝም ተብዬ ከፊደል ባልሻገርም፣ አጠገባቸው ቁጭ ብዬ ያየሁትን አልረሳሁም። ሲሳሳቱ ብራናውን አይጥሉትም፤ ፍቀው ይጽፉበታል።

"የተቀደደ ደብተር ይናገራል" አልኳት።

ጽሑፉ የእርሳስ ነው። እህቴ ከላከችልኝ ዳቦ ልቡን ቆንጥሬ አድቦልቡዬ መስመሩን ቀስ እያልኩ ፈተግኩት። ዳቦው ጠቆረ፣ ወረቀቱ ነጣ። የጠቆረውን ዳቦ በላሁት።

ባዶ መስመርም ይናገራል። መምህሯ ከጠጉሯ ውስጥ የእርሳስ ቁራጭ ስታወጣ እጇን ያዝኩት። "ያንቺን ጽሕፈት ያውቁታል። እኔ ልጻፈው።"

በጭድ ጫፍ አፈሩ ላይ ጻፈችልኝ። እንደ ሥዕል እያየሁ ገለበጥኩ፣ በመዳፌ አጠፋሁ፣ ደግሜ ገለበጥኩ። ፀሐይ ከመግባቷ በፊት ደብተሩ ላይ አሰፈርኩት።

ጧት ፈታሿ ደብተሩን አገኘችው። የጣቢያው መቶ አለቃ ፊት አቆሙኝ። አንባቢው መድኃኒቱን፣ ፎቶውን፣ አውቶቡሱን እያለ ወረደ። የመጨረሻዋ ላይ፣ "ይህችም በቴክ ናት፤ እናትህን ጠብቅ ይላል" አለ።

መቶ አለቃው አጎንብሶ አየ። "ይህቺ የልጁ እጅ አይደለችም። ጎባጣ ናት።"

"የኔ ናት።"

"አንቺ ሴትዮ፣ እንግሊዝኛ ታውቂያለሽ?"

"አላውቅም ጌታዬ። ይህችን ብቻ ነው።"

"እስቲ ጻፊያት።"

ጠረጴዛው ላይ ጎንበስ ብዬ ጻፍኳት። አንባቢው "ልክ ናት" አለ። መቶ አለቃው ሳቀ። "ልጅ ጠፍቶ እናት ተማሪ ሆነች!" ብሎ ደብተሩን ወረወረልኝ። በሦስተኛው ቀን በዋስ ለቀቀኝ።

መምህሯ ቀረች። በኋላ ወደ ሌላ አውራጃ ወሰዷት ሲሉ ሰማሁ እንጂ ዳግም አላየኋትም። ዛሬም እጄ ሥራ ሲፈታ ያቺን መስመር አፈር ላይ ትጽፋለች። ተማሪዋ እንደነበርኩ የሚያውቅ ሰው የለም።

እንዳይከተሉኝ ሁለት ሳምንት ከቤቴ ሳልወጣ ቆየሁ። ከዚያ ከቅቤ ነጋዴዎች ጋር ተደባልቄ በግንደወይን በኩል በእግሬ ወጣሁ። ሞጣ እስክገባ ኋላዬን ከማየት አንገቴ ታመመ። ቄሱ ወንድሜ ግቢ ልጄ እንጨት ይፈልጥ ነበር። መጥረቢያውን ጣለው።

"እማዬ! ማን ነገረሽ?"

"አንተው" አልኩት። "ደርሻለሁ ልጄ። ደህና ነኝ።"