መንገድ ዳር የቆፈርኩት ሽንት ቤት

በፀዳ መንደር የመጀመሪያውን ሽንት ቤት የቆፈርኩ እኔ ነኝ። ጣሊያን ከወጣ ገና ጥቂት ዓመቱ ነበር። ፊደል ካስቆጠሩኝ የኔታ በቀር መምህር የለኝም፤ ስለ ጀርም ያወቅሁት በጎንደር ሐኪም ቤት ወለል እየጠረግሁ፣ ድሬሰር የተባሉት የሐኪም ረዳቶች የሚሉትን በጆሮዬ እየሰረቅሁ ነው።

ጉድጓዱን መንገድ ዳር አደረግሁት፤ ገበያተኛው አይቶ እንዲማር። በርም አላበጀሁለትም። ሚስቴን ደግሞ ከእንግዲህ ሜዳ እንዳትወጣ ከለከልኋት።

በዓመቱ ሚስቴ ጎኗን ይዛ ወደቀች። ትኩሳቱ ያንቀጠቅጣት ጀመር። እናቷ ከኮላ ድባ መጥተው ዳማከሴ ጨመቁላት።

«ምች ነው» አሉ።

«ጀርም ነው!» አልሁ። ግን ከየት ገባ? ውሃ አፍልቼ ነው የማጠጣት። እንስራውን በአሸዋ ፈተግሁ፣ ምንጭ ለወጥሁ፣ ፍየሎችህ ምንጩን አቆሸሹት ብዬ ከጎረቤት ተጣላሁ። ሦስት ቀን እንዲሁ አለፈ። እሷ መቃዠት ስትጀምር በቃሬዛ ጎንደር አደረስናት።

ሽንቷን በማጉያ መነጽር ያየው ድሬሰር፣ «ጀርሙ ከውጭ አልመጣም» አለኝ። «ከገዛ አንጀቷ ነው። እዚያ ሲኖር አይጎዳም፤ ወደ ሽንት መውጫዋ ሲሻገር ግን ሽቅብ ወደ ኩላሊት ይወጣል። ሽንት ስትይዝ፣ ውሃ ሳትጠጣ ስትውል ይበረታል።»

«ምነው? ሽንት ቤት አላት እኮ! ያውም ሸጋ!»

አማቴ ነጠላቸውን አፋቸው ላይ ያዙ። «በር የሌለው! ገበያተኛው እያያት ትቀመጥ? ሜዳውን ከለከሏት። እሷም እስኪመሽ ይዛ ትውላለች፤ ውሃ እንኳ ተወች።»

ድሬሰሩ ሳቁን ዋጠ። «ጌታው፣ በር አልሠሩለትም?»

ያን ቀን የተናደድሁትን ያህል ተናድጄ አላውቅም። ዓመቱን ሙሉ እንዲህ ስትቸገር ምነው አልነገረችኝም? ስጠይቃት «ይቆጡኛል ብዬ» አለች፤ ድምፅዋ አይሰማም ነበር።

በመርፌና በኪኒን እየታከመች ሳለ ቤቴ ሄድሁ። የመኖሪያ ቤቱን በር ነቅዬ ሽንት ቤቱ ላይ ገጠምሁት። ለቤቱ ቁርበት ሰቀልሁ፤ ክረምቱን ሙሉ ነፋስ ገባብን።

ድና የመጣች ዕለት ቁርበቱን እንኳ ሳትገልጥ በቀጥታ ወደዚያ ሄደች። መቀርቀሪያው ሲወድቅ ሰማሁ። እንዲያ ያለ በር በፀዳ የሠራሁ የመጀመሪያው ሰው እኔ ነኝ።

ከእኔ አይተው የቆፈሩ ሦስት ጎረቤቶች ግን መንገድ ዳር፣ ያለ በር ነበር የቆፈሩት። ሚስቶቻችሁ ይታመማሉ፣ በር ግጠሙ ብዬ ብለምን፣ «ያስተማርኸን አንተው አይደለህ?» አሉኝ።