በሩን ሳትዘጋ የወጣችው እህት

በየካ ክፍለ ከተማ፣ ከመገናኛ እስከ አያት፣ ሽቅብም እስከ እንጦጦ ጫፍ ድረስ፣ የዓለምን ሲኒማ የኔን ያህል የሚረዳ ሰው አልተወለደም፤ ተወልዶም ከሆነ ገና ጡት አልጣለም። ይህን የምለው በትዕቢት አይደለም፤ ተወዳዳሪ ስለሌለኝ ነው። ባለቤቴም በዚህ ትስማማለች። "እውነቱን ነው" ትላለች ለእንግዳ፣ "ሌላው ሰውማ ሥራ አለው።"

እሑድ ከሰዓት በኋላ በምንኖርበት የአያት ኮንዶሚኒየም የጋራ ቤት ውስጥ ፊልም አሳያለሁ። የጋራ ቤቱ ድግስ የሚደገስበት፣ የበዓል በግ የሚገፈፍበት፣ ለቅሶ የሚቀመጡበት ነው፤ ግድግዳው የሽንኩርት ቁሌት ከመጥገቡ የተነሳ ቢጨምቁት ወጥ ይወጣዋል። እዚያ ግድግዳ ላይ የባለቤቴን ነጭ አንሶላ እወጥራለሁ። ፕሮጀክተሩን የሚያውሰኝ ወሰን ሰፈር ሰርግ የሚቀርጽ ወዳጄ ነው። ሰርግ ሲበዛ ሲኒማ የለም፤ ጥበብ በእኛ ሰፈር የሚያብበው በጾም ነው። ተመልካቾቼ ሺህ ናቸው ብዬ አወራለሁ እንጂ ቤቱ ሞልቶ አያውቅም። ከሚመጡትም ግማሾቹ ብሎካቸው ላይ መብራት ጠፍቶባቸው ስልክ ቻርጅ ሊያደርጉ ነው የሚመጡት።

የማሳያቸው ፊልሞች ከሩቅ አገር የመጡ፣ ዝግ ያሉ፣ ጥይት የማይተኮስባቸው ናቸው። ንግግሩ በማናውቀው ቋንቋ ነው፤ ከታች በእንግሊዝኛ ይጻፋል። ጡረተኛው፣ ሹፌሩ፣ ባለሱቁ ያንን ተሯሩጦ ማንበብ አይሆንለትም። ስለዚህ ከአንሶላው ጎን ቆሜ እተረጉማለሁ። ሙያውን የተማርኩት ልጅ ሳለሁ ወሰን ከነበረ ቪዲዮ ቤት ነው። የዚያ ቤት አስተርጓሚ ቃል ብቻ አይደለም የሚተረጉመው፤ ነገር ይተረጉማል። "ይሄን ባለኮፍያ እንዳታምኑት፤ ከሃዲ ነው!" ይላል፣ ፊልሙ ራሱ ገና ሳያውቀው።

ንዴቴን ከየት ልጀምር? ከአንድ ሹፌር ጎረቤቴ ልጀምር። ከበረዶ አገር የመጣ ፊልም አሳየሁ። አንድ ሽማግሌ ፌርማታ ላይ ቆሞ አውቶቡስ ይጠብቃል። ይጠብቃል። በረዶው ይወርዳል፤ እሱ ይጠብቃል።

"ምን እየጠበቀ ነው?" አለ ሹፌሩ።

"አውቶቡስ።"

"አይመጣም እንዴ?"

"ዝም ብለህ እይ!"

"ኧረ ጋሼ፣ ይሄንንማ መገናኛ ሰልፍ ላይ በየቀኑ በነጻ እናየዋለን። የጎደለን በረዶው ብቻ ነው።"

ቤቱ በሳቅ ፈረሰ። እኔ በንዴት ጨስኩ። በሳቃቸው ውስጥ ያመለጣቸውን ነገር እኔ አይቻለሁ። ሽማግሌው ባርኔጣውን አውልቆ በረዶውን አራገፈ፤ ከዚያ የቀሩትን ጥቂት ጸጉሮች በመዳፉ ወደ ጎን አስተኛቸው። ለማን ብሎ? ለአውቶቡሱ! ያቺን አንዲት እንቅስቃሴ ለማየት በረዶ ውስጥ አብሬው ሦስት ቀን ብቆም ደስ ይለኛል። ሌላው ሰው ግን ስልኩ ሞላ አልሞላ እያለ ገመዱን ይነካካል።

በፊልም ሠሪዎቹም እናደዳለሁ፤ ለእነሱ አዳላለሁ እንዳትሉ። ካሜራ ይዞ ወደ እንጦጦ የወጣ የውጭ ሰው ሁሉ የሚሠራው አንድ ፊልም ነው። ጭጋግ፤ ባሕር ዛፍ፤ የቅጠልና የጭራሮ ሸክም ያጎበጣት ሴት፤ ሁልጊዜ ከኋላ። ከኋላ! ሸክሙ ቁልቁል ይሄዳል፤ ቫዮሊን ያለቅሳል፤ አለቀ። አንድ እንኳ ቀድሟት ወርዶ፣ ዞሮ፣ ፊቷን የሚያይ ይጥፋ? እኔ እንጦጦ መንገድ ላይ ሲያልፉ ሰምቻቸዋለሁ፤ እየተሳደቡ፣ እየተሳሳቁ፣ የሰፈራቸውን ወሬ እየሰለቁ ነው የሚወርዱት። እንዲህ ያለውን ፊልም ባየሁ ቁጥር አንሶላውን ቦጫጭቄ መጣል ያምረኛል። አንሶላው የባለቤቴ ባይሆን ኖሮ አደርገው ነበር።

ይህ ሁሉ ግን ባለፈው ጾም ከደረሰብኝ ጋር ሲወዳደር ንዴት አይባልም።

ከእኛ በታች ባለው ወለል ብሎኩ ሁሉ "እትዬ" የሚላቸው ሴት አሉ። ወላጆቻቸው እዚሁ አያት ላይ ገበሬዎች ነበሩ፤ ዛሬ መኪና የምናቆምበት ቦታ የእናታቸው የጎመን መደብ ነበር። በአማርኛ ይስቃሉ፤ ሲናደዱ ወደ ኦሮምኛ ይሻገራሉ። አንድ ታናሽ እህት አለቻቸው፤ የኔ እኩያ የምትሆን፣ ወሰን የምትኖር። ሁለቱ ከተኳረፉ ዓመታት አልፈዋል። አባታቸው ታሞ ሳለ ታናሺቱ ማንንም ሳታማክር ከአልጋው አንስታ እንጦጦ ጠበል ወሰደችው፤ እዚያው አረፈ። እትዬ የደረሱት ከተገነዘ በኋላ ነው። "አባቴን ሳልሰናበተው ቀበረችብኝ" ይላሉ እትዬ። "ሐኪም ቤት ለሐኪም ቤት ስታንከራትተው እኔ ነኝ ያሳረፍኩት" ትላለች እህትየዋ። ሽማግሌ ገብቶ ነበር፤ ሁለቱም ጥፋቱን አልወስድም ስላሉ ሽምግልናው ተበተነ።

እትዬ ከፊት ወንበር የማይጠፉ ተመልካቼ ናቸው። በጾሙ አንድ እሑድ ያሳየሁት ፊልም ደግሞ የሁለት እህቶች ነበር። አገሩ የባሕር ዳርቻ ነው። እናታቸው ሞታለች፤ ሁለቱ ኩሽና ውስጥ ጠረጴዛ ይዘው ፊት ለፊት ተቀምጠዋል። መሐላቸው ሻይ አለ። አይነጋገሩም። ዳይሬክተሩ እግዜር ይይለትና ካሜራውን ተክሎ ምሳ ሊበላ የሄደ ይመስላል። እኔ ግን ትንፋሼን ውጬ ነበር፤ ታላቂቱ የስኒዋን ጆሮ በአውራ ጣቷ ስታሸው፣ ስታሸው፣ አንድ የሚከብዳት ነገር እንዳለ ያስታውቃል። በመጨረሻ ከንፈሯ ተላቀቀ፤ ተናገረች። እኔም በዚያ በቪዲዮ ቤቱ ድምፅ ተረጎምኩ፤

"እህቴ፣ ጥፋቱ የኔ ነው። ያባረረሽ ኩራቴ ነው። ነዪ፣ ወደ ቤትሽ ግቢ።"

ታናሺቱ ተነሳች፤ ኮቷን ለበሰች፤ በሩን ሳትዘጋ ወጣች። አንሶላው ጠቆረ።

"አለቀ?" አለ ሹፌሩ። "በሩን እንኳ ሳትዘጋ?"

እትዬ በነጠላቸው ጫፍ ዓይናቸውን እየጠረጉ ነበር። ደስ አለኝ፤ ምን ልዋሽ! አንድ ሰው፣ አንድ እንኳ፣ ገባው አልኩ።

በሁለተኛው ቀን ማታ የቤቴ በር ሊሰበር ደረሰ።

"አንተ ሰውዬ፣ ውጣ!"

"ምነው እትዬ፣ ደህና አይደሉም?"

"ምን ደህንነት አለ! በአንተ ፊልም ድንጋይ ልሸከም ነው!"

ነገሩን ደረጃው ላይ ቆመው ነገሩኝ። የእሑድን ሌሊት እንቅልፍ አልወሰዳቸውም። ጠዋት ታክሲ ይዘው ወሰን ወረዱ። እህታቸው በር ላይ ልብስ ታጥባለች። እትዬም የፊልሙን ቃል አንድ ሳያስቀሩ ደገሙላት፤ ጥፋቱ የኔ ነው፣ ያባረረሽ ኩራቴ ነው፣ ነዪ። እህትየዋ እንደ ፊልሟ እህት ዝም ብላ ትነሳለች ሲሉ፣ እጇን ከአረፋው አውጥታ ጎረቤት ጠራች። "ኑ ስሙ! ጥፋቱ የኔ ነው አለች! ዛሬ በአፏ አመነች!" ከዚያ ገብታ በሩን ድርግም። ሽማግሌዎቹ በማግስቱ ተጠሩ፤ ጥፋተኛዋ ራሷ ካመነች ምን ቀረ፣ ለእሑድ ድንጋይ ተሸክማ ይቅርታ ትጠይቅ አሉ።

"እኔኮ ጥፋት የለብኝም!" አሉ እትዬ። "እንድንታረቅ ብዬ ነው ያልኩት። የፊልሟ እህት በሩን ክፍት ትታ ወጣች፤ ተከተይኝ ማለት ነው። የኔዋ ግን ዘጋችው! ፊልሙን ይዘህ ና፤ ሽማግሌዎቹ ይዩት። እንዲህ ያለ ቃል ሲነገር እንዴት እንደሚመለስ ይማሩ።"

"እትዬ፣ ፊልም እኮ ማስረጃ አይሆንም።"

"ታዲያ በየእሑዱ የምትሰበስበን ለምንድን ነው?"

ጥያቄያቸው ይበልጥ አናደደኝ። ፊልም ሰውን ይለውጣል እያልኩ ስለፈልፍ የኖርኩ እኔ፣ አንዲት ሴት ብትለወጥልኝ "ማን አድርጊ አለሽ?" ልል ነው።

እሑድ ዕለት ወሰን ሄድን። የእህትየዋ ቤት ከጋራዥ ጋር አጥር ይጋራል፤ ላሜራ ይቀጠቀጣል። በሩ ጥግ ድንጋዩ ተዘጋጅቷል፤ ለስላሳ፣ ጥሩ ክብደት ያለው፣ እሷ ራሷ ገበያ ወጥታ የመረጠችው የሚመስል። ሦስት ሽማግሌዎች፣ እህትየዋ፣ መምህርት የሆነችው ሴት ልጇ ተቀምጠዋል። ፍላሹን ቴሌቪዥኑ ላይ ሰካሁና ወደ መጨረሻዋ ላሳልፍ ስል ትልቁ ሽማግሌ ከዘራቸውን አነሱ።

"ተው። ከመጀመሪያው ሳንሰማ አንፈርድም።"

ከመጀመሪያው አዩት። አንዳቸውም ስልክ አልነኩም፤ አንዳቸውም አላዛጉም። በሕይወቴ ያገኘሁት ምርጥ ተመልካች ችሎት ሆኖ ተገኘ! በንግግሩ ልተረጉም ስነሳ "አንተ የእሷ ምስክር ነህ፤ ምስክር አስተርጓሚ አይሆንም። ልጅቷ ታንብብ" ብለው አስቀመጡኝ። መምህርቷ በቀስታ ታነባለች። ኩሽናው ጋ ስንደርስ ሽማግሌው ጎንበስ አሉ።

"ሻዩ ቀዘቀዘ እኮ" አሉ በሐዘን። "ሁለቱም አልጠጡትም።"

ተነስቼ ልስማቸው ምንም አልቀረኝ።

ታላቂቱ ስኒዋን አሸች። ከንፈሯ ተላቀቀ። መምህርቷ አነበበች፤

"የእናቴን የስፌት መኪና ልወስድ ነው የመጣሁት። ነገ ሰው እልካለሁ፤ ቤት ሁኚ።"



"መልሺው" አሉ ሽማግሌው። መለሰችው። የስፌት መኪናው እዚያው አለ።

"ጥፋቱ የኔ ነው የሚለው የታለ?"

"የለም፣ አባባ።"

ሁሉም ወደ እኔ ዞሩ። እህትየዋ ቀድማ ፈነዳች፤ የፈነዳችው ግን በእኔ ላይ ሳይሆን በእትዬ ላይ ነበር። "አየሽ! ከልብሽ መስሎኝ ሌሊቱን አለቀስኩ። የሱ ፈጠራ ነው ለካ!"

"ቃሉ የሱ ይሁን" አሉ እትዬ፣ ድምፃቸው ወረደ። "ወሰን ድረስ የመጣሁት ግን እኔ ነኝ። እሱ አልላከኝም።"

"ካለቀስሽ ደግሞ በሩን ለምን ዘጋሽብኝ?" አሉ እትዬ። "ስታለቅስ ታየች እንዳልባል ነዋ!" አለች። ትንሽ ተያዩ። ከዚያ፣ እንደተማከረ ሰው፣ ሁለቱም አንገታቸውን ወደ እኔ አዞሩና ወደ ኦሮምኛ ተሻገሩ። አንዷ ስድቡን ትጀምራለች፤ ሌላዋ ከአፏ ቀምታ ትጨርሰዋለች። የገባኝ አንድ ቃል ነው፤ እሱም ከቤት እንስሳት ወገን ነው። ዓመታት ያልተነጋገሩ ሰዎች እንዲህ ተጋግዘው ሲሳደቡ አይቼ አላውቅም። ሽማግሌዎቹ በመሐል አልገቡም፤ ምራቃቸውን ዋጥ እያደረጉ ያዳምጡ ነበር።

ትንፋሽ ሲያጥራቸው ትልቁ ሽማግሌ ድንጋዩን በከዘራቸው አመለከቱ። "ተዘጋጅቶ ተመልሶ አይቀመጥም" አሉ፤ ዓይናቸው እኔ ላይ።

ተሸከምኩት። በእነዚያ ሁለት ሴቶች ፊት፣ በዚህ ዕድሜዬ፣ አንገቴ ላይ ድንጋይ ጭኜ አጎነበስኩ። ውስጤ ይቃጠላል። እንዲህ ያለ ፊልም አሳይቼ፣ ስለ ፊልሙ የጠየቀኝ የለም! የስፌት መኪና እየጠየቁ ስኒ ማሸት ምን ማለት እንደሆነ፣ ዳይሬክተሩ ምን ያህል ጎበዝ እንደሆነ ገና አሁን ገብቶኝ ልናገር ብል፣ ድንጋዩ አንገቴን ይዞኛል።

"እሺ ልጄ" አሉ ሽማግሌው፣ "እንግሊዝኛ አታውቅም?"

"አውቃለሁ፣ አባቴ።"

"ታዲያ ለምን ዋሸህ?"

ዓይኔ ከደከመ ቆይቷል። መነጽር ያላሠራሁት ባለቤቴ "አረጀህ" እንዳትለኝ ብዬ ነው። አንሶላው ላይ የሚያልፈው ጽሑፍ ለእኔ የጉንዳን መንገድ ነው፤ አንዲት ቃል አላይም። እስካሁን የተረጎምኩትን ሁሉ የሰዎቹን ፊት እያየሁ ከራሴ ነው የፈጠርኩት።