በጠበል የመጣው ሥጋ

ደብረ ታቦር ካለው የዕጢ ምርመራ ላቦራቶሪ በገባሁበት የመጀመሪያ ቀን፣ አለቃዬ ዶክተር ጽዮን የሥጋ መቁረጫውን ማይክሮቶም አሳዩኝና "ችኩል ከሆንሽ እዚህ አትበረክቺም" አሉኝ። ከሕመምተኛ የተወሰደ ሥጋ በሰም ውስጥ ተደርጎ ከሽንኩርት ልጣጭ በሳሳ መልኩ ይቆረጥና ስላይድ በምንለው ስስ መስታወት ላይ ይለጠፋል። ቀኑን ሙሉ ሳበላሽ ዋልሁ። እሳቸውም "ሲሮጡ የታጠቁት ሲሮጡ ይፈታል" እያሉ ሌላ ይሰጡኝ ነበር።

የምናጠናው የዕጢ ሴሎች እንዴት እንደሚከፋፈሉ ነበር። ሴል ለሁለት ሊከፈል ሲል አንዱ ፕሮቲኑ ላይ ፎስፌት የሚባል ቅንጣት ይለጠፍበታል። የምንጠቀምበት አንቲቦዲ የሚባል መለያ ፎስፌት ያለበትን ብቻ ለይቶ ይይዛል፤ ማቅለሚያ ሲጨመርበት የሚከፋፈለው ሴል ቡናማ ሆኖ ይታያል። ቡናማው ከበዛ ዕጢው ቸኩሏል ማለት ነው። ክፋቱ፣ ሥጋው ከሰውነት እንደወጣ እንዳይበሰብስ በሚያቆየው ፈሳሽ፣ በፎርማሊን ውስጥ ካልገባና እዚያው ካልቆየ ፎስፌቱ ይጠፋል።

አንድ ክረምት ከአንበሳሜ ወዲያ ካለ ደብር ቄስ ይርጋ የሚባሉ አዛውንት መጡ። ከባለቤታቸው ከወይዘሮ የሻረግ ጡት የተቆረጠች ናሙና በብልቃጥ ይዘዋል። ናሙና ለቤተሰብ አስይዞ መላክ በእኛ አገር የተለመደ ነው። መንገዱ በዝናብ ተበላሽቶ ሰንብተው ነው የደረሱት።

ስላይዱን ሠራሁት፤ አንድም ቡናማ የለም። አብሬ ያቀለምሁት፣ ቡናማ እንደሚሆን አስቀድሞ የታወቀው የማመሳከሪያ ሥጋ ግን በደንብ ቀልሟል። ዶክተር ጽዮን በተለመደው ማቅለሚያ የተሠራውንም አይተው "ይኼ የበሰበሰ ሥጋ ነው፤ ምንም ማለት አልችልም" አሉ። ወጥቼ ቄሱን ጠየቅኋቸው።

"አባ፣ ፈሳሹን ነክተውታል እንዴ?"

"ደፋሁት እንጂ ልጄ። ሜሮን የተቀባ ሥጋ በዚያ በሚከረፋ ውኃ ይቆይ? በጠበል ለወጥሁት፤ ለሷ ብዬ።"

"ሥጋውን የሚያቆየው እኮ ያ የሚከረፋው ነበር።"

ጋቢያቸውን ተከናነቡ። ልቤ ተሰበረ፤ ልቆጣቸውም አልቻልሁም።

ሌላ ናሙና ያስፈልግ ነበር። ወይዘሮ የሻረግ ግን "አንዴ ቆርጠውኛል፣ ይበቃኛል" ብለው እምቢ አሉ። ቄሱ ለምነው ለምነው ሲያመጧቸው እብጠቱ ብብታቸው ደርሷል። አዲሱ ስላይድ ከዳር እስከ ዳር ቡናማ ነበር። ማይክሮስኮፑ ላይ ተደፍቼ አለቀስሁ። ወይዘሮ የሻረግም ብዙ ሳይቆዩ አረፉ።

ከአርባቸው በኋላ ቄስ ይርጋ ተመልሰው መጡ።

"ልጄ፣ ያን ጊዜ ባልደፋው ትድን ነበር?"

"አላውቅም አባ" አልኋቸው።

እውነቴን ነው። ዕጢው ያን ጊዜ ምን ያህል ይቸኩል እንደነበር ሊነግረን የሚችለው ያ ቁራጭ ብቻ ነበር። "እግዜር ይስጥሽ" ብለውኝ ሄዱ።

ለእናንተ ለአዲሶቹ የላቦራቶሪ ሠራተኞች የምለው ይኼ ነው። ስላይድ ባዶ ሲሆን "ሴሎቹ አይከፋፈሉም" ብላችሁ አትጻፉ፤ መጀመሪያ ሥጋው እንዴት እንደመጣ ጠይቁ። ብልቃጡን ለቤተሰብ ስታስይዙም ፈሳሹ ለምን እንደማይደፋ ንገሯቸው። ለቄስ ይርጋ ማንም አልነገራቸውም።