ባዶ የተነበበው ገጽ

ደብረ ማርቆስ ለሚገኝ አንድ የግል ክሊኒክ ድረ ገጽ ሠርቼ ባስረከብኩ በሁለተኛው ወር፣ አንድ ሐሙስ ጠዋት ኮምፒውተራቸውን ላስተካክል ሄጄ እንግዳ መቀበያው አጠገብ ተቀምጬ ነበር። አንዲት ሴት ያረጁ አባቷን ደግፋ ገባች። ከይጁቤ በጠዋቱ መኪና ነው የመጡት። አባትየው የቅኔ መምህር ናቸው፤ ግራ ዓይናቸውን ካመማቸው ሰንብቷል።

"የዓይን ሐኪሙ ዛሬ የለም፤ የሚመጣው ሰኞ ነው" አለቻቸው እንግዳ ተቀባይዋ።

"ኧረ ሐሙስ ይላል!" ልጃቸው ስልኳን አወጣች።

ተቀብዬ አየሁት። ኢንተርኔት ላይ ፈልጋ ያገኘችው ሌላ ሰው ስለ ክሊኒኩ ድሮ የለጠፈውን ማስታወቂያ ነው። የእኔ ገጽ ከሥሩ አለ፤ ግን "በመጫን ላይ" ከሚል በቀር ምንም አይነበብበትም።

ነገሩ ወዲያው ገባኝ። ገጹን የሠራሁት መጀመሪያ ባዶውን ተከፍቶ፣ የሐኪሞቹን ቀን ከዚያ በኋላ እንዲያመጣ አድርጌ ነው። ለሰው ወዲያው ይሞላለታል። ገጾችን እየዞረ የሚያነበው የኢንተርኔት መፈለጊያው ፕሮግራም ግን እስኪሞላ አልጠበቀም፤ ባዶውን አንብቦ ሄዷል። ሳስረክብ በራሴ ስልክ ከፍቼ አሳየኋቸው እንጂ መፈለጊያው ምን እንደሚያይ አላጣራሁም ነበር።

"ጥፋቱ የእኔ ነው፣ የኔታ" አልኳቸው። "ገጹን የሠራሁት እኔ ነኝ።"

ፊታቸውን ወደ ድምፄ አዞሩ። "ሰኞ ብለህ ጽፈህ ነበር?"

"አዎ፣ ጽፌ ነበር።"

"ታዲያ ምነው ሳይነበብ ቀረ?"



ቀኑን እንዳረጋግጥላት ልጃቸው ስልክ ቁጥሯን ሰጠችኝና አባትና ልጅ ወደ መናኸሪያ ተመለሱ። እኔም በዚያው ቀን፣ ሰርቨሩ፣ ማለትም ገጹን የሚልከው ዋና ኮምፒውተር፣ የሐኪሞቹን ቀን አስቀድሞ ገጹ ውስጥ አስገብቶ ሙሉውን እንዲልክ አደረግሁ። መፈለጊያው ተመልሶ እንዲያነበውም ጥያቄ ላክሁ። ከዚያ ወዲያ ከመጠበቅ በቀር የማደርገው አልነበረም። ዓርብ ፈለግሁ፤ ባዶ ነው። ቅዳሜም እንደዚያው። እሑድ ከቤተ ክርስቲያን ስወጣ ቅጥሩ ሥር ቆሜ ብፈልግ፣ "የዓይን ሐኪም፦ ሰኞ" የሚለው ወጥቷል። ደስ ይለኛል ብዬ ነበር፤ አላለኝም። እዚያው ቆሜ ለልጃቸው ደወልኩና ቀኑን አረጋገጥኩላት።

ሰኞ መጡ፤ ታከሙ። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ደውዬ ስለ ጤናቸው ጠየቅሁ።

"ቀኙ ደህና ነው" አለችኝ። "ግራው ግን ከእንግዲህ አያይም ተብሏል።"

"ያን ሐሙስ ታይተው ቢሆን ኖሮስ?" አልኳት።

"ሐኪሙን አልጠየቅነውም" አለች። "ልጠይቅ ስል አባቴ ተይው አሉኝ።"