የታሰረችው ዝግባ

ልጅ ሳለሁ፣ በበዴሳ አጠገብ በነበረው ቤታችን፣ ራት ተበልቶ የምድጃው ፍም አመድ መልበስ ሲጀምር፣ አያቴ ዛፎች እንደሚሄዱ ይነግረን ነበር። ማረሻ ሲበረታበት ዝግባው ጓዙን ጠቅልሎ ወደ ዳሞታ ተራራ ይወጣል፤ ቆላው ሲግል ደግሞ ግራሩ ከዲምቱ በኩል ተነሥቶ ዳገቱን ይያያዘዋል፤ ሰው ምድሩን ካሳረፈው ግን ሁሉም ወደየቦታው ይመለሳል ይል ነበር። ያኔ በኩራዙ ብርሃን ግድግዳው ላይ የሚወዛወዘው የአያቴ ጥላ ራሱ የሚሄድ ዛፍ ይመስለኝ ነበር።

ከእንሰቱ ጓሮ ዳር አንዲት ለጋ ዝግባ ነበረችን። በሰፈራችን የቀረችው እሷ ብቻ ስለነበረች ትሄድብናለች ብዬ ሰጋሁ። አንድ ማለዳ የጥጃውን ገመድ ፈትቼ ዛፏን ከአጥሩ ጋር ጠፈርኋት። ብዙም ሳይቆይ ጥጃው ጓሮ ገብቶ የእንሰቱን ችግኝ ሲዘነጣጥል ተገኘ።

«ዛፉን አስረህ ጥጃውን ፈታህ?» አለ አያቴ፣ ሳቁ እስኪያስለው ድረስ። ቆይቶ ግን አጠገቡ አስቀመጠኝና፣ «ዛፍ እግር የለውም፣ ልጄ። ፍሬውን ወፍ ይሸከመዋል፤ የበቀለውን ማረሻና ከብት ይጨርሰዋል። አንተ ጥጃውን ያዝ» አለኝ።

ያችን ዝግባ በጎልማሳነቴ እኔው ራሴ ቆረጥኋት። ቤት መሥሪያ እንጨት ቸግሮኝ ነበር፤ በቦታዋም ቶሎ ይደርሳል ብዬ ባሕር ዛፍ ተከልሁ። ያኔ ብልህነት መስሎኝ ነበር።

ዛሬ ከባሕር ዛፉ አጠገብ ያለው እንሰት አይወፍርም። ዝናቡም እንደ ድሮው ቀኑን አይጠብቅም። ዘንድሮ ደግሞ ከአጥሩ ሥር አንዲት እሾሃም ግራር በቅላ አገኘሁ። ምናልባት ዘሯን ያመጣው ከቆላ ወደ ገበያ የተነዳ ከብት ይሆናል፤ እርግጠኛ አይደለሁም። ብቻ ቆላው ደጄ የደረሰ መስሎኝ ልቤ አላርፍ አለ። ለልጅ ልጆቼ ከዚህ ጓሮ የሚቆፈር እንሰት ይቀር ይሆን?

በጓሮው በኩል ያለውን ባሕር ዛፍ ከነጉቶው አስነቅዬ፣ ከሶዶ ችግኝ ጣቢያ ያመጣኋትን አንዲት ዝግባ ተከልሁ። ልጄ ራሱን ነቀነቀ።

«አባዬ፣ የደረሰ ባሕር ዛፍ ነቅለው ዝግባ? እስኪያድግ ማን ይኖራል?»

«እኔ ጥጃውን እይዛለሁ» አልሁት። «ሌላው የአንተ ነው።»

በየማለዳው ጤዛው ሳይረግፍ ሄጄ አያታለሁ፤ የደረቀ ቅጠል ካገኘሁ ቀኑን ሙሉ ስጨነቅ እውላለሁ። ወደ እሷ ከመሄዴ በፊት ግን ደጃችን የታሰረውን የጥጃችንን ገመድ ሁለት ጊዜ ስቤ አረጋግጣለሁ።