ብረቱ እስኪታጠብ

የሙሉነሽ እጆች እስከ ክርኗ ድረስ ናፍጣ ውስጥ ነበሩ። በግራዋ የካምቢዮ ጥርስ ይዛ በቀኟ በብረት ብሩሽ ትፈትገዋለች። ቅዳሜ ጠዋት ነው። ከአጥሩ ማዶ፣ ከላምበረት መናኸሪያ፣ «ደሴ! ኮምቦልቻ! ወልድያ!» የሚሉት ጠሪዎች ድምፅ ይመጣል። ግቢዋ ውስጥ ለሁለት የተሰነጠቀ በርሚል አለ፤ አንዱ ግማሽ ናፍጣ፣ ሌላው ግማሽ በኦሞ የተመታ ሙቅ ውሃ ይይዛል። ብረት መጀመሪያ ይፋቃል፤ ከዚያ ናፍጣ ውስጥ ይነከራል፤ ከዚያ ይቦረሻል፤ መጨረሻ ላይ በሙቁ ውሃ ተለቅልቆ ፀሐይ ላይ ይሰጣል። ለጠባብ ቀዳዳ የጥርስ ብሩሽ አላት። ለደረቀና ድንጋይ ለሆነ ግራሶ ደግሞ በውሃ ፕላስቲክ የተቀመጠ ቤንዚን አለ፤ እሱን ከእሳት አርቃ ከቤቱ ጀርባ ነው የምትደብቀው።

ይህን ሥራ ያስተማራት ባሏ ገብረየስ ነው። አስተማራት ማለት መታት ማለት ነው። ጥሩ መካኒክ ነበር፤ እጁ ግን ፈጣን ነበር። አጠብኩት ባለችው ብረት ላይ ጣቱን አሳልፎ ጥቁር ካገኘበት፣ ያንን ጣት ጉንጯ ላይ ይጠርገዋል፤ ጥፊው ይከተላል። ከግራ ቅንድቧ በላይ ያለው ጠባሳ የጎማ መፍቻ የወረደበት ቦታ ነው። የዛሬ ዘጠኝ ዓመት ክሪኩ ተንሸራቶ የጭነት መኪና ደረቱ ላይ ሲያርፍበት፣ በሁለት እግሩ ይዛ ጎትታ ያወጣችው እሷ ናት። አለቀሰችለት፤ ይለቀሳልና። በአርባው ማግስት በርሚሉን ናፍጣ ሞላችው።

ከገብረየስ ሁለት ነገር ቀራት። አንዱ ብረትን በአውራ ጣት ዳስሶ ማወቅ ነው። ሌላው ዱላ ሥጋ ላይ ሲያርፍ የሚያሰማውን ድምፅ ከሩቅ መለየት ነው።

በመጀመሪያው፣ ብረት በመዳሰሱ፣ ስሟ ገነነ። «ይሄ የሚኒባስ ነው፤ የአባዶን አቧራ የበላ» ትላለች፤ አትስትም። አምና አንድ ሰው ሊያሳጥብ ያመጣውን ዲናሞ የተሰረቀ መሆኑን በጣቷ አውቃ ለባለቤቱ አስመልሳለች። ከዚያ ወዲህ ሰፈሩ «ሙሉነሽ ካለች አለቀ» ይላል። እሷም ይህን ስትሰማ ደስ ይላታል። እውነቱን እንናገር ከተባለ፣ በጣም ደስ ይላታል። ሃያ ዓመት ሙሉ «አንቺ ደግሞ ምን ታውቂያለሽ» ስትባል የኖረች ሴት ናት፤ አይፈረድባትም።

«ቤቶች!» አለ አንድ ሰው ከበሩ።

«ግባ፣ ክፍት ነው።»

ረጅም፣ ቀጭን፣ ሠላሳ ዓመት የሚሆነው ሰው ጥቁር ፌስታል አንጠልጥሎ ገባ። ስሙ ቢተው ነው። የሚኖረው የካ አባዶ ኮንዶሚኒየም ነው፤ አሮጌ ኮሮላው እዚያ ሕንፃው ሥር ከቆመች ሦስት ቀኗ ነው።

«እማማ፣ ካርቡራተር ያጥባሉ አሉኝ።»

«የማላጥበው የሰው ኃጢአት ብቻ ነው። አምጣው።»

ቢተው እየሳቀ ፌስታሉን ፈታ። ካርቡራተሩ በዘይትና በአቧራ ተለብጦ የከሰል ጓል መስሏል። ሙሉነሽ እጇን በጨርቅ ጠርጋ ተቀበለችው፤ አውራ ጣቷን ዙሪያውን አሳለፈች። አንዱ ማዕዘን ላይ ስትደርስ ጣቷ ቆመ። የብሎን መያዣው ተሰብሮ በነሐስ ተበይዷል። ይህን ብየዳ ታውቀዋለች። አምና አጥባዋለች። የጎረቤቷ የወልደጻድቅ ነው፤ ሦስት ቤት አልፎ የሚኖረው፣ በመኪናው ሰው እያመላለሰ የሚያድረው ወልደጻድቅ። ማክሰኞ ሌቦች ኮፈኑን ከፍተው ካርቡራተሩን ነቅለው ወስደውበታል፤ ከዚያን ቀን ጀምሮ መኪናዋ በሩ ላይ ቆማለች።

ሙሉነሽ ቢተውን መጠየቅ ትችል ነበር። እሷ ግን ፊቷን ወደ አጥሩ መለሰች። እዚያ ጎረቤቷ አስመረት ልብስ ታሰጣለች።

«አስመረት! የወልደጻድቅ ካርቡራተር በእግሩ መጣ መሰለኝ!»

አነጋገሯ ሳቅም ነበረበት። ግን ከአፍ ከወጣ አፋፍ ነው። አስመረት የያዘችውን አንሶላ ጥላ ወደ ወልደጻድቅ ቤት ሄደች።

«ምን ማለትዎ ነው እማማ?» አለ ቢተው። «የራሴ ነው እኮ! መኪናዋን የገዛሁ ዕለት ታርጋዬን ከሥሩ በሚስማር ጭሬበታለሁ። ሲታጠብ ያዩታል።»

«እንግዲያ ምን ያስፈራሃል? ቁጭ በል።»

ሌባ ቢሆን ይሮጥ ነበር። ቢተው በሩ አጠገብ ካለው ጎማ ላይ ተቀመጠ።

ወልደጻድቅ ሲገባ ብቻውን አልነበረም። ከኋላው ከጋራዡ፣ ከተራ አስከባሪው፣ ከጫት ቤቱ የተጠራቀመ ወንድ ሁሉ አለ።

«የታል?» አለ ወልደጻድቅ። መልስ አልጠበቀም። ጎማው ላይ የተቀመጠውን ሰው በቡጢ አፉን አለው።

«ሌባ! ሌባ!»

እግሩን ይዘው ከግቢው ጎተቱት። አንዱ የሞተር ቺንጋ እንደ አለንጋ አጥፎ ይዟል። አንዱ ምን እንደተሰረቀ እንኳ ሳይጠይቅ ድንጋይ አነሳ። ወደ ደሴ የሚሄድ መንገደኛ ሻንጣውን አስቀመጠና ሁለቴ በጫማው ረገጠው፤ ከዚያ ሻንጣውን አንስቶ አውቶቡሱ እንዳያመልጠው እየሮጠ ሄደ።

«ቁጥር አለበት!» ይላል ቢተው ከእግር መሐል። «ታርጋዬ አለበት! እዩት!»

«ታርጋህን ግንባርህ ላይ እንጽፍልሃለን!» አለ አንዱ፤ ሳቁ።

«በሉት!» አለች አስመረት ከአጥሩ ላይ። «የኔንም ብረት ድስት የወሰደው እሱ ነው!»

«ቆዩ! ቆዩ እስቲ ልጠበው!» ብላ ጮኸች ሙሉነሽ። ማን ይስማት?

ያን ጊዜ ትዝ አላት። ወልደጻድቅም አምና ካርቡራተሩ ሲታጠብለት፣ እዚሁ ድንጋይ ላይ ተቀምጦ ቁጥሩን በሚስማር ሲጭር አይታዋለች። መጨረሻው ሰባትና አራት ነበር። እንግዲህ ብረቱ የእሱም ቢሆን፣ የዚህም ሰው ቢሆን፣ ከሥሩ የተጻፈ አለ። እውነቱ እጇ ላይ ነው፤ ያውም በአንድ ጣት ውፍረት እድፍ ተሸፍኖ።

ናፍጣው ውስጥ ነከረችና በብሩሽ ፈተገችው። እድፉ አልለቀቀም። የዓመታት ዘይት በሞተር ሙቀት ተጠብሶ ሸክላ ሆኗል። ወደ ቤቱ ጀርባ ሮጣ ቤንዚኑን አመጣች፤ አፈሰሰችበት። የሽንኩርት ቢላዋ አንስታ ትፍቀው ጀመር።

እጇ ይሠራል፤ ጆሮዋ ውጭ ነው። ያ ቺንጋው ነው፤ ጃኬት ላይ ነው ያረፈው፣ አይጎዳም። ያ ደግሞ ዱላ ነው፤ ድምፁ ደረቅ ነው፣ አጥንት አግኝቷል። ቢተው ይጮኻል። መጮኹ ጥሩ ነው፤ የሚጮኽ ሰው ክንዱን አንስቶ ራሱን ይከላከላል። እሷም እንደዚያ ነበር የምታደርገው። ቢላዋው አዳልጦ መዳፏን ሰነጠቀው፤ ደሙ ከቤንዚኑ ጋር ተቀላቅሎ ሲያቃጥላት እጇን አላነሳችም። ጥቁሩ እየተቀረፈ ነጩ ብረት እንደ ጥፍር ብቅ አለ።

ከዚያ የፈራችው ድምፅ መጣ። እርጥብ ጆንያ ሲረገጥ እንደሚሰማው ያለ። ክንዱ ወድቋል ማለት ነው። ጩኸቱም ቆሟል።

ሙሉነሽ ቁጥር ማንበብ የጀመረችው በሃምሳ ሁለት ዓመቷ፣ በጎልማሶች ትምህርት ነው። ቀስ ብላ ነው የምታነበው። አሁን ግን ቁጥሩን በቀሚሷ ጠርጋ አንዱን ከአንዱ እያያዘች አነበበች። መጨረሻው ሁለት፣ ዘጠኝ። ደግማ አነበበች። ሰባት የለም። አራት የሚባል የለም። ብየዳው የተመሳሰለው ላምበረት ውስጥ በነሐስ የሚበይድ አንድ ሰው ብቻ ስላለ ነው። ይህን እሷ ከማንም በላይ ታውቃለች፤ ግን አላሰበችውም።

ብረቱን ይዛ ሮጣ ወጣች። «የራሱ ነው! ቁጥሩን እዩ! የራሱ ነው!»

ለቢተው የተሰነዘረው ዱላ የእጇ አንጓ ላይ አረፈ። ካርቡራተሩ ከእጇ ወደቀ።

«ዞር በይ አሮጊት!»

«እናቱ ናት መሰል!»

«የሌባ እናት!»

ሙሉነሽ ተመለሰች። ከበርሚሉ ጥቁር ናፍጣ በባልዲ ቀዳች፤ እንደገና ወጣች፤ ባልዲውን በሙሉ በሰዎቹ ላይ ደፋችው። ከዚያ ከሽርጧ ኪስ ክብሪት አወጣች።

«ቤንዚን ነው!» አለ አንዱ። «ሸተተኝ! ቤንዚን ነው!»

መካኒክና ሾፌር ከምንም በላይ ይህን ሽታ ይፈራል። ሁሉም ወደ ኋላ አለ። ወልደጻድቅ ከራሱ እስከ ደረቱ ርሷል።

«እትዬ ሙሉነሽ፣ አበዱ እንዴ?»

«አዎ አብጃለሁ! አንሳው። ቁጥሩን አንብብ። ጮክ ብለህ።»

ባልዲው ውስጥ የነበረው ናፍጣ ነው፤ ናፍጣ እንዲሁ በአንድ ክብሪት እንደማይቀጣጠል ታውቃለች። የሸተታቸው ቤንዚን ከእሷ እጅ ላይ ነበር። ክብሪቱን ብትጭረው ቀድሞ የሚነደው የራሷ እጅ ነው። ይህንንም ታውቃለች።

ወልደጻድቅ ጎንበስ ብሎ ብረቱን አነሳ። ዓይኑን ጠርጎ አየው። አገላብጦ እንደገና አየው።

«የማን ነው?» አለች።

«የኔ አይደለም።»

«አልሰሙህም።»

«የኔ አይደለም!» አለ ወልደጻድቅ፤ ድምፁ ተሰበረ።

ያ ሁሉ ሰው የት እንደገባ አይታወቅም። ቺንጋው መንገዱ መሐል ቀረ። አስመረት እንኳ አንሶላዋን ሳታሰጣ ገባች። ቢተው ፊቱን አፈር ላይ አድርጎ ተኝቷል፤ ከግራ ጆሮው ደም ይወርዳል። ሐኪም ቤት ይወስዱት ዘንድ መኪና ያስፈልጋል፤ የወልደጻድቅ መኪና ካርቡራተር የላትም። አንድ ሚኒባስ ቆመና ደሙን አይቶ «መቀመጫዬን!» ብሎ ሄደ። በመጨረሻ በባጃጅ ነው የተወሰደው። ሙሉነሽ እግሩን፣ ወልደጻድቅ ራሱን ጭናቸው ላይ ይዘው።

ሁለት የጎን አጥንቱ ተሰብሯል። መንጋጋው ተሰንጥቋል። ግራ ጆሮው ከዚያ ወዲያ አልሰማም። ፖሊስ መጥቶ «ማን መታህ?» ሲለው፣ ቢተው ኮርኒሱን እያየ «ሰፈሩ» አለ። ወልደጻድቅ ግን በራሱ እግር ሄዶ እጁን ሰጠ።

ሙሉነሽ በየቀኑ አጥሚት ይዛለት ትሄዳለች። በአራተኛው ቀን አልጋው ጠርዝ ላይ ተቀምጣ፣ አንገቷን ደፍታ፣ በትንሽ ድምፅ ነገረችው።

«ልጄ፣ የመታህ ዱላው አይደለም። የኔ አፍ ነው።»

«ምን አሉኝ? በዚህ በኩል አይሰማኝም፤ በቀኝ ይንገሩኝ።»

ተነስታ በቀኙ ዞረች። ደግማ ተናገረችው፤ ድምጿ አንሷልና አሁንም በደንብ አልሰማም። ሦስተኛውን ጮክ ብላ ነው ያለችው፤ ክፍሉ ውስጥ የተኛው በሽተኛ ሁሉ፣ አስታማሚው ሁሉ ሰማ።

ቢተው በታሰረ መንጋጋው «ካርቡራተሩስ ታጠበ?» አላት።

«ታጥቧል። እንደ አዲስ ያበራል።»

«እሺ» አለ፤ ፊቱን ወደ ግድግዳው መለሰ።

ይቅር ብዬሻለሁ አላላትም። እስከ ዛሬም አላላትም። እሷም አትጠይቀውም።

ከዚያ በኋላ ቢተው መኪና መንዳት አልቻለም፤ ራሱን ያዞረዋል። ኮሮላዋን ሸጣት። አንድ ቀን ሙሉነሽ ግቢ መጥቶ ያንኑ ጎማ ላይ ተቀመጠና፣ ከጎኑ የነበረ ካርቡራተር አንስቶ ይፈታ ጀመር። በማግስቱም መጣ። አሁን እሱ ይፈታል፣ እሷ ታጥባለች፣ እሱ መልሶ ይገጥማል። ወልደጻድቅም የእስራቱን ጊዜ ጨርሶ ሲወጣ አንድ ቅዳሜ መጣ፤ በሩ ላይ ለረጅም ጊዜ ቆመና ተመለሰ። በሚቀጥለውም ቅዳሜ እንዲሁ። የእሱ ካርቡራተር ከዚያ ወዲህ አልተገኘም።

የሙሉነሽ አውራ ጣት ዛሬም ያውቃል። ሰው ብረት ይዞ መጥቶ «እስቲ የማን ይመስልዎታል?» ሲላት ግን «ሲታጠብ እናያለን» ብላ ዝም ትላለች። አስመረት በአጥሩ ላይ ሆና «አንቺ ሴትዮ፣ አፍሽ ተሰፋ እንዴ?» ስትላትም መልሷ ያው ነው።

ቢተውን ግን አንድ ነገር አልለቀቀውም። ከኋላው የሩጫ ኮቴ ከሰማ፣ በተለይ በዚያ በማይሰማው በኩል ድንገት ሰው ከደረሰበት፣ የያዘውን ብረት ጥሎ ሁለት ክንዱን ጭንቅላቱ ላይ ያነሳል። ከዚያ እስኪያወርደው ድረስ ሙሉነሽ ብሩሿን አስቀምጣ ትጠብቃለች።

እናንተም ምናልባት አንድ ቀን ብረት ልታሳጥቡ ከላምበረት መናኸሪያ ጀርባ ትመጡ ይሆናል። በሩ አጠገብ ጎማ ላይ የተቀመጠ ረጅም ሰው ታያላችሁ። አደራችሁን፣ ብትቸኩሉም ሮጣችሁ አትግቡ። ከኋላው አትምጡበት። በቀኙ ዞራችሁ፣ ፊታችሁን አሳይታችሁ፣ ቀስ ብላችሁ «እንደምን ዋልክ፣ ቢተው» በሉት።