ዘግይቶ የሚያነበው ድምፅ

ባለፈው ሳምንት እህቴ ቤት ቁጭ ብዬ ሻይ ስጠጣ ትንሿ ልጇ አጠገቤ ስልክ ይዛ ታነብ ነበር። አሁን ለልጆች የንባብ መለማመጃ በስልክ መጥቷል፤ ልጅቷ አንድ መስመር ታነባለች፣ ስልኩ ድምፅዋን ይይዝና መልሶ ያሰማታል። «ዝናቡ አባራ» አለች። ትንሽ ቆይቶ ስልኩም «ዝናቡ አባራ» አለ። ድምፁ የራሷ ነው፤ ግን ቀዝቀዝ ብሎ፣ ከሩቅ ቤት እንደመጣ ሆኖ። እህቴ ሳቀች። እኔ ብርጭቆዬን ጠረጴዛው ላይ አስቀመጥኩ።

«ምን ሆንሽ?» አለችኝ።

«ምንም» አልኳት። ስለዚያ የኮልፌ ክፍል ለእሷ እንኳ አውርቻት አላውቅም።

ጊዜው ከሃያ ዓመት በላይ ሆኖታል። ከመምህራን ማሠልጠኛ እንደወጣሁ የተመደብኩት ኮልፌ፣ ከ18 ማዞሪያ ወደ ውስጥ ገባ ብሎ በሚገኝ አሮጌ ትምህርት ቤት ነበር። የምኖረው ሳንሱሲ፣ አክስቴ ቤት ነው። ጠዋት ማዞሪያው ላይ ከታክሲ ወርጄ የቀረውን በእግሬ እሄዳለሁ። መንገዱ ያኔ ድንጋይ አልተነጠፈበትም፤ በክረምት ጭቃ፣ በበጋ አቧራ ነው። ጥጉ ላይ አንዲት ሴትዮ ፓስቲ ትጠብሳለች። በጋዜጣ ጠቅልላ የሰጠችኝን እየገመጥኩ፣ ዘይቱ ጣቴ ላይ ሳይደርቅ ትምህርት ቤቱ በር ላይ እደርሳለሁ። ነፋሱ ከቆሼ ቆሻሻ መጣያ በኩል የዞረ ቀን ግን ፓስቲም አያምርም፤ አፍንጫን በነጠላ ይዞ መፍጠን ነው።

የተሰጠኝ አራተኛ ክፍል ነበር። በመጨረሻው ክፍለ ጊዜ ደግሞ ከአምስተኛም ከስድስተኛም ማንበብ ያቃታቸው ትልልቅ ልጆች ይላኩልኛል። በአንድ ወንበር አራት እየሆኑ ይጨናነቁና እኔ አንድ መስመር አነባለሁ፣ እነሱ አብረው ይደግማሉ። አሁን ይህን ዘዴ ማንም አይወደውም፤ ልጁ ይሸመድዳል እንጂ አያነብም ይባላል። ልክ ነው። እኔ ግን ሌላ አላውቅም ነበር። ደግሞ እውነቱን ለመናገር ያ ሁሉ ልጅ ባንድ አፍ ሲያነብ ደስ ይለኝ ነበር።

ክፍላችን በግቢው መጨረሻ ያለ የጭቃ ቤት ነው። የኋላ ግድግዳው መስኮት የለውም፤ ከወዲያኛው በኩል የሰው ቤት ተለጥፎበታል። ድምፁን መጀመሪያ የሰማሁት ጥቅምት ላይ ነው። «ንቧ ከቀፎዋ ወጣች» ብዬ አነበብኩ። ልጆቹ ደገሙ፣ አቆሙም። ከዚያ አንዲት ቀጭን የልጅ ድምፅ፣ ሁሉም ዝም ካሉ በኋላ፣ ከኋላ በኩል «ከቀፎዋ ወጣች» ብላ ጨረሰች።

አንዷ ዘግይታ ነው ብዬ አለፍኩት። በማግስቱም አንዷ ዘገየች። በሦስተኛው ቀን የኋላ ወንበሮች ጋ ሄጄ ቆምኩና የልጆቹን ከንፈር እያየሁ አነበብኩ። ልጆቹ ሲጨርሱ ከንፈሮቹ ሁሉ ተገጥመዋል። ድምፁ ግን መጣ፤ ከጀርባዬ፣ ከግድግዳው።

ለዳይሬክተሩ ነገርኳቸው። «የቆርቆሮ ማስተጋባት ነው፣ የኔ ልጅ» አሉኝ፣ ከወረቀታቸው ቀና ሳይሉ። «አዲስ የመጣ ሁሉ ይሰማዋል።»

ለጥቂት ቀን ይህ መልስ አሳረፈኝ። ከዚያ ኅዳር ሲታጠን ደረሰ። በየሰፈሩ ቆሻሻ ይቃጠል ስለነበር ጭሱ በበሩም በግድግዳው ስንጥቅም እየገባ ክፍሉን ሞላው። ልጆቹ ያስላሉ፣ ዓይናቸውን ያሻሉ። እኔም ዓይኔ እያነባ እያነበብኩ የገጹ መጨረሻ ላይ ስደርስ የመጽሐፌ ጥግ ተቀድዷል፤ የመጨረሻዋ መስመር የለችም። ቆምኩ። የማንን መጽሐፍ ልዋስ እያልኩ ዞር ስል፣ ከግድግዳው ወዲያ ያ ድምፅ ቀስ ብሎ «ሲመሽ ግን የቤቷን መንገድ አልረሳችም» አለ።

ከፊት ካለው ልጅ መጽሐፍ ወስጄ አየሁ። ቃል በቃል እሱ ነው። ያልተነበበ መስመር የሚያስተጋባ ቆርቆሮ የለም።

የገረመኝ ልጆቹ አለመደንገጣቸው ነው። ሐያት የምትባል የስድስተኛ ክፍል ልጅ፣ ረዥምና ደፋር፣ እጇን አወጣች።

«ቲቸር፣ አይፍሩ። ነጃት ናት።»

«ነጃት ማን ናት?»

«የሞተችው። አንደኛ ክፍል ከኛ ጋር ነበረች። እዚሁ ክፍል ወድቃ አረፋ ደፈቀች። ክብሪት ጭረው አስሸተቷት፣ አልነቃችም። ተሸክመው ወሰዷት፣ ከዚያ ሞተች። አሁን ንባብ ላይ ብቻ ነው የምትመጣው።»

ሌሎቹ ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ስለ ደወሉ ወይም ስለ ዘበኛው እንደሚነግሩኝ ያህል።

ያን ሌሊት አልተኛሁም ብል ውሸት ይሆንብኛል፤ ተኝቻለሁ። ጠዋት ግን ወደ ክፍሉ መግባት ከበደኝ። ለጥቂት ቀናት ጮክ ብሎ ማንበብ ከለከልኩ። «በሆዳችሁ አንብቡ» አልኳቸው። ግማሾቹ ማንበብ አይችሉምና መጽሐፉን ትክ ብለው እያዩ ይቀመጣሉ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኔ ይልቅ ጸጥታው እነሱን ያስጨነቃቸው ይመስል ነበር።

በዚያ ጸጥታ ውስጥ ነው አንድ ቀን ከሰዓት በኋላ ድምፁ ራሱ የጀመረው።

«ንቧ ከቀፎዋ ወጣች» አለ። ከዚያ ዝም ብሎ ጠበቀ።

እኔ አፌን ሳልከፍት ልጆቹ ሁሉ፣ እንደለመዱት፣ ባንድ ላይ «ንቧ ከቀፎዋ ወጣች!» አሉ።

«አበባ ፍለጋ ሄደች» አለ ግድግዳው።

«አበባ ፍለጋ ሄደች!»

ጠመኔ በእጄ ይዤ ቆሜያለሁ። የሞተች የተባለች ልጅ ክፍሌን እያስተማረችልኝ ነው። ከፍርሃቴ ጋር የመጣ አንድ ሌላ ነገር ነበር፤ በልጅቷ ድምፅ ውስጥ ጭንቀት ሰማሁ። ለመነችን እንጂ አላስፈራራችንም። ሙት ይለምናል ብዬ አላውቅም።

ደወሉ እንደተደወለ ልጆቹን ሸኝቼ በአጥሩ ዞርኩ። ከክፍላችን ጋር የተለጠፈው ቤት በር ላይ አንዲት መካከለኛ ዕድሜ ያላት ሴት ሽንኩርት ትልጣለች። እትዬ ከድጃ ይባላሉ፤ በሰፈሩ ጨርቃ ጨርቅ ይነግዳሉ። አስተማሪ መሆኔን ስነግራቸው ቢላውን አስቀመጡ።

«ልጅ አለዎት ወይ፣ እትዬ?»

«ነበረችኝ። አገር ቤት ናት፣ አያቷ ጋ።»

«ይቅርታ፣ ልጆቹ ከግድግዳው ወዲህ ድምፅ ይሰማሉ።»

ከውስጥ፣ ከጨለማው ጓዳ፣ ያ ቀጭን ድምፅ ትንሽ ዘግይቶ «ልጆቹ ከግድግዳው ወዲህ ድምፅ ይሰማሉ» አለ።

አንድ እርምጃ ወደ ኋላ አልኩ። እትዬ ከድጃ ግን ፊታቸውን በሻሻቸው ሸፍነው አለቀሱ። ወደ ውስጥ አስከትለውኝም መጋረጃውን የገለጡልኝ ራሳቸው ናቸው።

ነጃት አልጋ ላይ ተቀምጣ ነበር። አሥራ አንድ ዓመት ገደማ ይሆናታል፤ ፀሐይ ያልነካው ፊት፣ ትልልቅ ዓይን። አልጋዋ ከክፍላችን ግድግዳ ጋር ተጠግቷል። ጆሮዋን የምትለጥፍበት ቦታ ላይ ጭቃው ለስልሶ እንደ ሸክላ ያብለጨልጫል።

እናትየው በቀስታ ነገሩኝ። የሚጥል በሽታ ነው። ያን ቀን ከወደቀች በኋላ ወላጆች ልጆቻችንን ታስይዛለች ብለው ተነሱ፤ ጎረቤትም ዕቃ አልዋስ አለ። እሳቸውም ሼኹ ዘንድ ወስደው ዱዓ አስደረጉላት። በኋላ አገር ቤት ልኬያታለሁ አሉ። ሰው ሞታለች ሲል ደግሞ አላስተባበሉም። «ሞታለች ሲሉ ቢያንስ ዝም አሉን» አሉኝ።

መጽሐፌን ለነጃት ሰጠኋት። በሁለት እጇ ተቀብላ ገለጠችና ስለ ንቧ ከመጀመሪያው እስከ መጨረሻው፣ አንድ ቃል ሳታዛንፍ አነበበችልኝ፤ ጣቷን ከመስመሩ ሥር እየጎተተች። የገለጠችው ገጽ ግን ስለ ንብ አይደለም። ስለ ባቡር ነው። ሥዕሉም የባቡር ነው።

«‹ንብ› የሚለው የቱ ጋ ነው?» አልኳት።

ጣቷ ገጹ ላይ ተንከራተተ። ከዚያ መጽሐፉን ዘጋችው። ፊቷ ላይ ያየሁትን ኀፍረት አሁንም አልረሳሁትም። ለዓመታት ያዳመጠችውን ሁሉ ታውቀዋለች። ፊደሉን ግን አንደኛ ክፍል በቆየችባቸው ጥቂት ሳምንታት ከተማረችው በላይ አይታው አታውቅም።

ከዚያ ቀን ጀምሮ ከትምህርት በኋላ ወደ ጓዳዋ እገባ ነበር። እንደ እሷ ያለ ተማሪ ከዚያ በፊትም ከዚያ በኋላም አላጋጠመኝም። ቃሉ በአፏ አለ፤ የጎደላት መልኩ ነው። አንድ ፊደል ባሳየኋት ቁጥር «እሱ ነው እንዴ?» ትላለች፣ ስሙን ለዘመናት ሲነግሯት የኖረ ዘመድ ድንገት በር ላይ እንደቆመባት። እትዬ ከድጃ ሳምቡሳ በሰሃን ያቀርቡልንና በሩን ይጠብቃሉ፣ ሰው እንዳያይ። ጤና ጣቢያ ይዘናት ለመሄድ ግን ብዙ መለመን ነበረብኝ። ነርሷ በየቀኑ የምትውጠው ኪኒን ሰጠቻት። ስትወድቅ በጎኗ ማስተኛት፣ ራሷ ሥር ለስላሳ ነገር ማድረግ፣ ክብሪት የሚባል ነገር አለማቅረብ እንደሚያስፈልግም አስረዳችን።

ጥር ላይ እናቷ ተሸነፉ፤ ነጃትም ክፍል ገባች። በሩ ላይ ስትታይ ልጆቹ ባንድ ጊዜ ወደ ኋላ ሸሹ። አንዱ ወንበር ወደቀ። ነጃት ግራ ገብቷት ቆመች። ሐያት ብቻ ቀስ እያለች ቀረበችና የልጅቷን እጅ በሁለት ጣቷ ነካች። ትንሽ ይዛው ቆየች።

«ትሞቃለች» አለች ወደ እኛ ዞራ።

ሚያዝያ ላይ፣ በንባብ መሃል፣ ነጃት ወደቀች። ነርሷ እንዳለችው አደረግሁ፤ ሹራቤን ራሷ ሥር አነጠፍኩ። ግማሾቹ ሮጠው ወጡ፤ የቀሩት በግድግዳው ጥግ ተኮለኮሉ። ስትነቃ ክፍሉን በዓይኗ ዞረችው። ሐያት «ሞታ ነበር?» ብላ ጠየቀችኝ። «አልሞተችም። ከመጀመሪያውም አልሞተችም» አልኳት። እናቷ ለሁለት ሳምንት አስቀሯት። ከዚያ አንድ ጠዋት ማንም ሳይዛት ብቻዋን መጣችና ሐያት አጠገብ ተቀመጠች። እኔ ከዚያ ትምህርት ቤት ስዛወር ስድስተኛ ክፍል ደርሳ፣ ለታናናሾቿ ታነብላቸው ነበር።

የእህቴን ልጅ ስልክ በሰማሁ ማግስት ወደ ኮልፌ ሄድኩ። ነጃት ማዞሪያው አካባቢ ልብስ ትሰፋለች፤ ሁለት ልጆች አሏት። ኪኒኗን እስከ ዛሬ ትውጣለች፤ ለብዙ ዓመት አልወደቀችም። ወንበር አቀረበችልኝ፣ ለስላሳ አስመጣች፣ ስለ ልጆቿ አወራን። በመሃል ያን ጊዜ ምን ያህል እንደፈራኋት ነገርኳት። ሳቀች። ከዚያ ሳቋ ቀስ ብሎ ጠፋ።

«እኔስ፣ ቲቸር? እማዬ ምን ብላኝ እንደነበር አልነገረችዎትም?»

«አልነገሩኝም።»

«ትምህርት ቤት ውሰጂኝ እያልኩ ሳስቸግራት ‹ትምህርት ቤቱ ተዘግቷል፣ ልጆቹም የሉም፣ ባዶ ቤት ነው› አለችኝ። እኔም አመንኳት። ከዚያ በየቀኑ ከባዶው ቤት ሲያነቡ እሰማቸዋለሁ። ብርድ ልብስ ውስጥ ገብቼ እንቀጠቀጥ ነበር።»

መቀሱን አስቀምጣ እጆቿን ጭኗ ላይ አደረገች።

«ታዲያ እየፈራሽ ለምን ትደግሚ ነበር?» አልኳት።

«እኔ ዝም ካልኩ እነሱም ዝም ይላሉ ብዬ ነዋ።»

ደንበኛ ገባችና ተነሣች። እኔ ወንበሩ ላይ ቀረሁ፣ ለስላሳው በእጄ እየሞቀ። በአንድ የጭቃ ግድግዳ ግራና ቀኝ ተቀምጠን፣ እሷ እኛን፣ እኛ እሷን፣ እንደ ሙት እየቆጠርን ያን ሁሉ ጊዜ አብረን አንብበናል። እሷ እንኳ ሕፃን ነበረች፣ የነገሯትን ነው ያመነችው። ዳይሬክተሩ፣ ከኔ በፊት የነበሩት መምህራን፣ ጎረቤቱ፣ ሁሉም የልጅ ድምፅ መሆኑን ይሰሙ ነበር። ዞር ብሎ በር ከማንኳኳት ይልቅ ሞታለች ወይም ማስተጋባት ነው ብሎ ማለፉ ቀሏቸው ነበር። እኔም ብሆን ለሳምንታት ሰምቼ ነው የሄድኩት። አሁን ሳስበው የሚያስፈራኝ ድምፁ ሳይሆን ይሄ ነው።